«ምልክቱን ማን ገለበጠው?» የሒሳብ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ፤ አራቱም በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ስለ ቅንፍና ስለ ፖሊኖሚያል (እንደ 2ሀ² + 3ሀ + 5 ስላሉ አጻጻፎች) ናቸው። ደሴና አካባቢዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች 29 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ጎበዝ ተማሪ የሚያውቀውን ነገር ይዞ ነጥብ ሲያጣ ከሌላው ርዕስ ሁሉ ይልቅ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ አልቸኩልም። የማይታወቀውን ቁጥር «ሀ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ በደብተራችሁ ኤክስ ብላችሁ የምትጽፉት ያው ነው።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለመምህርት። ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከ8ኛ ክፍል ነው። ልጄ 9ኛ ክፍል ደርሷል። መደመሩን አያጣውም፤ መቀነስ በቅንፍ ሲመጣ ግን ይበላሽበታል። ባለፈው ፈተና (7ሀ² − 3ሀ + 4) − (2ሀ² − 5ሀ + 1) ስንት ነው ተብሎ 5ሀ² − 8ሀ + 5 ብሎ ጻፈ፤ ተሰረዘበት። ‹ምልክት መቀየር ረሳሁ› ይለኛል። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር ያለኝ። እኔ ልረዳው እችላለሁ?»
— እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ እኅቴ፣ ይችላሉ። ይህን ነገር ከልጅዎ መጽሐፍ ይልቅ የእርስዎ መሳቢያ አጥርቶ ያሳየዋል፤ ስለዚህ ከሱቁ ልነሣ።

የለስላሳ አከፋፋዩ መጣ እንበል። ያወረደልዎት ዕቃ 500 ብር ያወጣል። እርስዎ ደግሞ ባዶ ጠርሙስ ከነሣጥኑ መልሰውለታል፤ ለዚያ 120 ብር ይታሰብልዎታል። መሳቢያው ውስጥ 900 ብር አለ። ከፍለው ሲጨርሱ የሚቀርዎት 900 − (500 − 120) ነው። ቅንፉ የአከፋፋዩ ደረሰኝ ነው፦ ከላይ 500፣ ከሥሩ ተቀናሽ 120፣ ተጣርቶ 380። ከ900 ላይ 380 ሲወጣ 520 ይቀራል። አሁን ልጅዎ ፈተናው ላይ የሠራውን ሒሳብ እዚሁ መሳቢያ ላይ እንሥራው፦ 900 − 500 − 120 = 280። አከፋፋዩ ባዶ ጠርሙሱን ጭኖ፣ በዚያ ላይ የጠርሙሱን ዋጋ ከእርስዎ ተቀብሎ ሄደ ማለት ነው። ይህን እርስዎ ዝም ብለው አያዩትም፤ ልጅዎም ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዝም አይልም ነበር።

በ520 እና በ280 መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይበሉ፤ 240 ነው፣ የ120 እጥፍ። ሊታሰብልዎት የሚገባው 120 ቀረ፤ በላዩ ሌላ 120 ተወሰደብዎት። ምልክት የመርሳት ጥፋት ሁልጊዜ ዋጋው የተረሳው ነገር እጥፍ ነው። ስለዚህ «ምልክት ብቻ ነው የረሳሁት» ሲልዎት ቀላል ነገር አድርገው አይዩት።

ወደ ፈተናው እንመለስ። ሁለተኛው ቅንፍ ውስጥ ሦስት ቁሞች፣ ማለትም በመደመርና በመቀነስ ምልክት የተለያዩ ክፍሎች፣ አሉ፦ 2ሀ²፣ −5ሀ እና 1። የሚቀነሰው ደረሰኙ በሙሉ ነው። 2ሀ² ሲቀነስ −2ሀ² ይሆናል። ዕዳ የነበረው −5ሀ ሲነሣልን +5ሀ ይሆናል። 1 ሲቀነስ −1 ይሆናል። ስለዚህ፦

7ሀ² − 3ሀ + 4 − 2ሀ² + 5ሀ − 1 = 5ሀ² + 2ሀ + 3

ልጅዎ የጻፈው 7ሀ² − 3ሀ + 4 − 2ሀ² − 5ሀ + 1 ነው። የመጀመሪያዋን ብቻ ቀንሶ፣ ሁለቱን እንዳሉ አሳለፋቸው። ይህን የሚያደርግ ልጅ ሰነፍ ነው ብዬ አላምንም። ዓይኑ ነው ያታለለው። 2ሀ² ከቅንፉ አፍ ላይ ምልክት ሳይኖራት ተቀምጣለች፤ ልጁ ከቅንፉ ውጭ ያለውን የመቀነስ ምልክት ሲያይ የእሷ ምልክት ይመስለዋል። ለእሷ ከሰጣት በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። 2ሀ² ግን የራሷ ምልክት አላት፤ የማይጻፍ የመደመር ምልክት ነው። ውጭ ያለው ምልክት የቅንፉ የራሱ ነው፤ ውስጥ ላሉት ሁሉ እኩል ይደርሳቸዋል።

እኔ ለብዙ ዓመታት ይህን ሳላስረዳ አስተምሬያለሁ። «ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ካለ፣ በውስጡ ያሉትን ምልክቶች ቀይሩ» እል ነበር፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግመዋል፣ እኔም የገባቸው ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሐይቅ ከተማ የመጣች፣ ኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህርት፣ ቅንፉ ሲጠፋ ምልክቱን ማን ገለበጠው?» አለችኝ። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። ልጆቹ ሳቁባት። እኔ ግን ጥያቄዋ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ሕጉን እንጂ ምክንያቱን አንድ ቀንም አልነገርኳቸውም ነበርና። በማግስቱ ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ ሰሌዳው ላይ «ዕዳ ሲነሣልህ ምን ይሆናል?» ብዬ ጻፍኩ። ያቺው ልጅ፣ «ገንዘብ ያገኘሁ ያህል ነው» ብላ መለሰች። ትናንት የሳቁት ልጆች ዝም ብለው ሲጽፉ ዛሬም ይታዩኛል።

ከዚህች ልጅ በፊት ይህንኑ ያለ ሰው ነበር። ብራህማጉፕታ የሚባል የህንድ ሊቅ በ628፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሳንስክሪት ግጥም በጻፈው ሥራው ውስጥ ከዜሮ በላይና በታች ያሉ ቁጥሮችን «ሀብት» እና «ዕዳ» እያለ ደንብ ሠርቶላቸዋል። ዕዳ ከዜሮ ላይ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል ይላል። ከ1,300 ዓመት በላይ የቆየ ደንብ ነው፤ ለእርስዎ ልጅ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅለትም።

ቤት ውስጥ ምን ያድርጉ? ልጁ አንድ ተጨማሪ መስመር እንዲጽፍ ያስገድዱት። ቅንፉን በአንድ እርምጃ ፈትቶ ወደ መልሱ አይዝለል። በመጀመሪያ መቀነሱን ወደ መደመር ለውጦ፣ ሁለተኛውን ቅንፍ በሙሉ ተገልብጦ ይጻፈው፦

(7ሀ² − 3ሀ + 4) + (−2ሀ² + 5ሀ − 1)

ከዚህ በኋላ የቀረው መደመር ነው፤ መደመሩን ደግሞ አያጣውም ብለውኛል። ይህን መስመር ከመጻፉ በፊት ጣቱን ከቅንፉ ውጭ ባለው ምልክት ላይ አድርጎ በውስጡ ያሉትን ቁሞች ድምፁን አውጥቶ ይቁጠር። «ሦስት ናቸው» ካለ ሦስት ምልክት መቀየር አለበት። እርስዎ ሒሳቡን ባያውቁትም ሦስት መሆናቸውን መቁጠር አያቅትዎትም፤ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ የሚቆጥር ሰው ማግኘቱ ብቻ ብዙ ይረዳዋል።

ደግሞ መልሱን ራሱ ይፈትሽ። በሀ ቦታ 3 ያስገባ። የመጀመሪያው ቅንፍ 63 − 9 + 4 = 58፣ ሁለተኛው 18 − 15 + 1 = 4፤ ልዩነታቸው 54። ትክክለኛው መልስ 45 + 6 + 3 = 54፤ ገጠመ። የእሱ መልስ 45 − 24 + 5 = 26፤ አልገጠመም። የጎደለው 28 ነው፤ ሳይገለበጡ የቀሩት ሁለት ቁሞች ደግሞ በ3 ሲሰሉ −15 + 1፣ ማለትም −14 ናቸው። እጥፉ እዚህም መጣ። ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ፈተና ላይ ደግሞ ማንም አይከለክለውም። 0ን እና 1ን ግን አያስገባ። 0 ካስገባ ሀ ያለባቸው ቁሞች ሁሉ ይጠፋሉ፤ 1 ካስገባ ደግሞ ሀ እና ሀ² አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፣ ስህተትም ይደበቅበታል። የሚቀጥለው ጠያቂያችን ነገር ይህንኑ ያሳያል።

ጥያቄ፦ «ቀን ልብስ እሰፋለሁ፣ ማታ እማራለሁ። 3ሀ + 2ሀ²ን 5ሀ³ ብዬ ሠራሁና ተሳሳትክ ተባልኩ። መምህራችን ‹የሚደመሩት ተመሳሳይ ቁሞች ብቻ ናቸው› ብለው አለፉ። ሁለቱም ሀ አይደሉም እንዴ? ምን ያህል ቢመሳሰሉ ነው ተመሳሳይ የሚባሉት? በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ ዘመናዊ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ እንዳይሰለቹኝ እለምናለሁ።»
— የማታ ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አልሰለችም። የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ለዚህ ጥያቄ ከሌሎቻችን ይልቅ ቅርብ ነዎት፤ የግዕዝ ቁጥር ያውቃሉና።

እስቲ ይህን ያንብቡልኝ፦ ፪፼፫፻፭። ሁለት እልፍ፣ ሦስት መቶ፣ አምስት። በተለመደው አጻጻፍ 20,305 ነው። አሁን ፼ ምን እንደሆነ ያስቡ። መቶ ጊዜ መቶ ነው። ፻ን ሀ ብንለው፣ ፼ ሀ² ነው። እንግዲህ ፪፼፫፻፭ ማለት 2ሀ² + 3ሀ + 5 ማለት ነው። አባቶቻችን ፖሊኖሚያል ብለው ባይጠሩትም፣ ብራና ላይ ሲጽፉት የኖሩት ቁጥር ቅርጹ ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል ስንት እንደሆነ ይናገራል፣ ከዚያም የምን ስንት እንደሆነ ይናገራል።

ይህን ይዘን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። ፫፻ እና ፪፼ን ይደምሩልኝ። ሦስት መቶ እና ሁለት እልፍ። አምስት ምን ይላሉ? አምስት መቶ አይደለም፤ አምስት እልፍም አይደለም። የሚሉት ፪፼፫፻ ብቻ ነው፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው። ሁለቱም ከመቶ የተሠሩ ናቸው፤ ግን አንዱ መቶ ነው፣ ሌላው መቶ የመቶ ነው። 3ሀ + 2ሀ²ም እንዲሁ ነው፤ 2ሀ² + 3ሀ ተብሎ ይቀመጣል፣ ሌላ የሚሠራ ነገር የለውም። ተማሪ መልሱ አንድ ነገር ካልሆነ ያላለቀ ይመስለዋል፤ አልቋል። 5ሀ³ ብለው ከሆነማ በመቶ ሲሰላ አምስት ሚሊዮን ነው፤ የእኛ ድምር ግን 20,300 ብቻ ነው።

ቅድም ለደብረ ማርቆሷ እናት 1ን አታስገቡ ያልኩት ለዚህ ነው። በ1 ቢፈትሹት 3 + 2 አምስት ነው፣ 5ሀ³ም አምስት ነው፤ የእርስዎ ስህተት ልክ መስሎ ያልፍ ነበር።

ተመሳሳይ ቁሞች የሚባሉት ፊደላቸውም፣ አርቢያቸውም (ከፊደሉ በላይ በትንሹ የሚጻፈው ቁጥር) አንድ የሆነ ነው። ፊት ያለው ቁጥር ቢለያይ ግድ የለም። ፯፻ እና ፫፻ ተመሳሳይ ናቸው፤ ፯፻ እና ፯፼ አይደሉም።

ቅነሳውንም በዚሁ ይሞክሩት። ከ፭፼፯፻፱ ላይ ፪፼፫፻፭ ሲነሣ ከእልፉ እልፉን፣ ከመቶው መቶውን፣ ከነጠላው ነጠላውን ያነሣሉ፤ ፫፼፬፻፬ ይቀራል። በአልጀብራ ሲጻፍ (5ሀ² + 7ሀ + 9) − (2ሀ² + 3ሀ + 5) = 3ሀ² + 4ሀ + 4 ነው። አንድ ለአንድ ነው። ቅንፉ ውስጥ ያሉት ሦስቱም መቀነሳቸውን ልብ ይበሉ፤ እልፉን ቀንሶ መቶውን የሚደምር ደብተራ አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህም የብዙ ተማሪ ስህተት ነውና። መቶን በግዕዝ ሲጽፉ ፻ ብቻ ይጽፋሉ እንጂ ፩፻ አይሉም። አንዱ ሳይጻፍ አለ። ሀ ብቻውን ሲቆምም ፊቱ ላይ 1 አለ፤ 6ሀ − ሀ አምስት ሀ ነው። ተማሪዎቼ ውስጥ «ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ ስለዚህ ዜሮ ነው» ብሎ 6ሀ የሚል፣ አንዳንዱም 6 የሚል ነበር። በየዓመቱ መስከረም የሚሰቀለውን የግድግዳ አቆጣጠር ይዩት፤ ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. ላይ ፳፻፲፯ የሚለው ሃያ መቶ ከአሥራ ሰባት ነው፣ 20ሀ + 17። በየቤታችን ተሰቅሎ የሚኖር ነገር ነው። የግዕዝ ቁጥርን ለበዓል ካርድ ብቻ ትተን፣ ልጆቻችንን ሒሳብ ስናስተምር ዞር ብለን አለማየታችን ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ «ጂዳ ነው የምሠራው። ታናሽ ወንድሜ የደብተሩን ፎቶ በስልክ ይልክልኛል፣ ማታ ማታ አያለሁለት። (4ሀ³ + 5) − (ሀ³ − 2ሀ² + 7ሀ)ን አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፎ ሲቀንስ 3ሀ³ + 7ሀ² − 7ሀ አመጣ። ምልክቱን በትክክል ቀይሯል፣ መልሱ ግን መጽሐፉ ላይ ካለው አልገጠመም። ምኑ ላይ ነው?»
— እኅት፣ ከጂዳ

መልስ፦ ልጄ፣ ምልክቱ ደህና ነው፤ ረድፉ ነው የተዛባው። ወንድምሽ 5ን ከ−2ሀ² በላይ አስቀምጦ፣ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ስላሉ አገናኛቸው። ላይኛው ፖሊኖሚያል ሀ² እና ሀ የለውም፤ ታችኛው ደግሞ ብቻውን የቆመ ቁጥር የለውም። ሥር ለሥር ሲጻፍ የሌለው ነገር ቦታው ሊቀርለት ይገባል። ላይኛው 4ሀ³ + 0ሀ² + 0ሀ + 5፣ ታችኛው ሀ³ − 2ሀ² + 7ሀ + 0 ተብሎ ይጻፍ። ያኔ 3ሀ³ + 2ሀ² − 7ሀ + 5 ይመጣል። በ2 ፈትሹት፦ 37 ሲቀነስ 14፣ 23 ነው፤ መልሱም 24 + 8 − 14 + 5 = 23።

የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ፪፼፭ ብሎ መቶውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ፖሊኖሚያልም በአንድ መስመር ሲጻፍ እንዲሁ ያልፋል። ሥር ለሥር ሲደረደር ግን ዜሮዋን መጻፍ ይሻላል። ባለ ካሬ መስመር ደብተር ካገኘ በእያንዳንዱ ቤት አንድ ቁም እያደረገ ይሥራ። ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ የወንድምሽን ደብተር በስልክ ማየትሽን ሳነብ እጅግ ደስ አለኝ፤ ፎቶውን ሲልክልሽ ከመልሱ ጋር ፍተሻውንም እንዲልክ ንገሪው፣ ድካምሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ «የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ሲመጣ ከየት ነው የምጀምረው? ምሳሌ፦ 6ሀ − [4ሀ − (3ሀ − 2)]። ጓደኛዬ ከውጭ ጀምሮ ሠርቶ ትክክል ተባለ፣ መምህራችን ግን ከውስጥ ጀምሩ ብለውናል።»
— ከአዳማ

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም መንገድ ያደርሳል፤ መምህርህ ግን ስለ አንተ አስበው ነው የተናገሩት። ከውስጥ ስትጀምር በአንድ ጊዜ የምትፈታው አንድ ቅንፍ ብቻ ነው። 4ሀ − (3ሀ − 2) ማለት 4ሀ − 3ሀ + 2፣ ማለትም ሀ + 2 ነው። አሁን 6ሀ − [ሀ + 2] ቀረ፤ 6ሀ − ሀ − 2 = 5ሀ − 2። በየደረጃው እያሳነስከው መሄድህን ተመልከት፤ ወደ ውጭው ስትደርስ የሚገለበጡት ሁለት ቁሞች ብቻ ናቸው።

ጓደኛህ ከውጭ ሲጀምር 6ሀ − 4ሀ + (3ሀ − 2) ጻፈ። የውስጠኛው ቅንፍ ምልክት ራሱ ተገልብጦ መደመር ሆነ፤ ቅንፉ ውስጥ ያሉት ግን አልተነኩም፣ ለእነሱ ገና ተራቸው አልደረሰምና። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ውጭ ያለውን ምልክት ሲያይ በማዕዘኑ ቅንፍ ውስጥ ያገኘውን ምልክት ሁሉ፣ የውስጠኛውን ቅንፍ ይዘት ጭምር ይገለብጣል፤ 6ሀ − 4ሀ + (−3ሀ + 2) ብሎ −ሀ + 2 ያመጣል። የውስጠኛው ቅንፍ እንደ አንድ የታሰረ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱን ከዚህ ወደዚያ ስታዞረው ውስጡ ያለውን እህል አትነካውም። በ10 ፈትሸው፦ 60 − [40 − 28] = 48፣ 5ሀ − 2ም 48። የተሳሳተው −8 ይሰጥሃል።

እስከሚቀጥለው ወር ለአራታችሁም አንድ ጥያቄ ልስጥ፦ 8ሀ² − (3ሀ² − 6ሀ + 1) − (ሀ − 9)። ሁለት ደረሰኝ ተከታትሎ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። መልሳችሁ ላይ በሀ ቦታ 3 ስታስገቡ 68 ካልመጣ፣ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ጣታችሁን ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ ቁሞቹን እንደገና ቁጠሩ። የደብረ ማርቆሱ ልጅ የሠራበትን ገጽ ከነተጨማሪዋ መስመር እናቱ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።